የአዝመራ የአባት ስም

ከቀትር በኋላ፣ በሁለት ወረዳዎች ድንበር ላይ ባለች ጤና ጣቢያ፤ አዝመራ ከወለደች ወዲህ ደሟ አልቆም ብሏል፤ አባቷ አቶ ደርበው፣ የጤና ጣቢያዋ የቀድሞ ዘበኛ፣ የሪፈር ወረቀት የምትጽፈውን አዋላጅ ሲስተር ትርሲትን እጇን ይዘዋል።

ደርበው፦ ግድ የለሽም ልጄ፣ የአባቷን ስም ብቻ ቀይሪልኝ! አዝመራ ተሰማ በያት፣ አዝመራ አየለ በያት፣ የፈለግሽውን!

ትርሲት፦ አባባ፣ እጄን ይልቀቁኝ! እሷ ደም እየፈሰሳት እርስዎ ስለ ስም ያወራሉ?

ደርበው፦ በእኔ ስም ከሄደች ከወንዙ ማዶ፣ የሌላው ወረዳ ሆስፒታል አያስገቧትም።

ትርሲት፦ ለምን አያስገቧትም? አምቡላንሳቸው እኮ መንገድ ላይ ነው። ከወረዳው መውጣት ስለማይፈቀድለት ድልድዩ ጋ ቆሞ ይጠብቀናል፤ እስከዚያ በቃሬዛ እናደርሳታለን።

ደርበው፦ የእኛስ አምቡላንስ?

ትርሲት፦ የቱ? ጓሮ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው? ጎማ ካጣ እኮ ዓመት አለፈው፤ ዶሮ እንቁላል እየጣለችበት ነው።

ደርበው፦ ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ትርሲት፦ አሁን ድሮን ይተዉት!

ደርበው፦ እንዴት ልተወው? የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ያኔ በጀቱ የእኛ፣ ጄኔሬተሩ የእኛ፣ ሐኪሙ የእኛ ነበር። ማዶ አንዲት የተዘጋች ክሊኒክ ብቻ ነበረቻቸው። በሽተኛ ተሸክመው ወንዙን እየተሻገሩ ይመጡ ነበር።

ትርሲት፦ ታዲያ ከታከሙ ውለታውን አይረሱትም።

ደርበው፦ አልታከሙማ!

ትርሲት፦ እንዴት?

ደርበው፦ በሩ ላይ ማን ነበር? እኔ! «በጀቱ ለወረዳችን ሰው ነው፤ ሌላውን ከወረዳችሁ ደብዳቤ አምጡ በለው» ተባልኩ። አልኩ። እነሱ ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው ይለምኑኛል፣ እኔ ዱላዬን አግድሜ ደብዳቤ፣ ደብዳቤ እላለሁ።

ትርሲት፦ ወይ አባባ...

ደርበው፦ ማዶ ስሜ «ደርበው ደብዳቤ» ነው። ገበያቸውን ከረገጥኩ አሥራ አምስት ዓመቴ። አንዲት ወላድ ደግሞ... ባሏ ደብዳቤ ሊያመጣ ሲሮጥ... እዚያው...

ትርሲት፦ በቃ፣ አይጨርሱት! እኔም ፈርቻለሁ፣ አያዩኝም? የደም ግፊቷ እየወረደ ነው። እኔ ጋ ያለውን መርፌ ሁሉ ወግቻለሁ። ከእንግዲህ የሚያድናት ደምና ኦፕራሲዮን ነው፤ ሁለቱም ያለው ማዶ ነው።

ደርበው፦ እንግዲያው ስሙን ቀይሪው!

ትርሲት፦ የክትትል ካርዷ ላይ የደሟ ዓይነት የተጻፈው በእርስዎ ስም ነው። ስሙ ካልገጠመ እንደገና ጥያቄ፣ እንደገና ምርመራ። ያን ያህል ጊዜ የላትም።

ደርበው፦ እሺ፣ እኔ ልቅር። አንቺ ይዘሻት ሂጂ። እኔን ካላዩኝ ምናልባት...

ትርሲት፦ ደም የሚሰጥ ዘመድ ይፈልጋሉ። ባሏ ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል። ከእርስዎ ሌላ ማን አላት?

ደርበው፦ በመልኬ ያውቁኛል እኮ! በሩ ላይ አቁመው «ደብዳቤህን አምጣ» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ፈራሁ ልጄ።

ትርሲት፦ ቆይ፣ ስልኬ ጠራ። የአምቡላንሱ ሹፌር ነው። አቤት! አዎ፣ ወላድ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ስሟን?

ደርበው፦ በእመብርሃን ይዤሻለሁ!

ትርሲት፦ አዝመራ... አዝመራ ደርበው። አዎ። አዎ፣ የዘበኛው ልጅ። ሄሎ? ሄሎ?

ደርበው፦ ዘጋው! ዘጋው አይደል? ልጄን በአፌ ገደልኳት!

ትርሲት፦ ዝም ይበሉ፣ አልዘጋውም። ትንፋሹ ይሰማኛል... አቤት? እሺ። እሺ ወንድሜ፣ እነግራቸዋለሁ።

ደርበው፦ ምን አለ? ተመለሰ? ንገሪኝ እንጂ!

ትርሲት፦ «ቃሬዛ አታንሱ፤ ፈቃዱን ተዪው፣ ድልድዩን ተሻግሬ በራችሁ ድረስ እመጣለሁ» አለ። «አባትየውን ደግሞ ደም ለመስጠት ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ በይው፤ እናቴ እዚያ በር ላይ ደብዳቤ ስትጠብቅ አንድ ሰዓት እንኳን አልቆየችም።»