ለሁለት ልጆች አንድ ከተማ

የተከበራችሁ የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

«ክቡራን» ስል ዞር ብዬ አየሁ፤ ወንዶቹ ከእጅ ጣት አትበልጡም። ቢሆንም ማዕረጋችሁን አልነፍጋችሁም።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዝግጅት ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ከመጠበቂያው ክፍል ወንበር ተሸክማችሁ ያመጣችሁ፣ ፈረቃችሁ ሳይሆን ለኔ ብላችሁ ከቤት የወጣችሁ፣ አሁንም ምጥ ላይ ካሉት እናቶች ጋር የቀሩት እህቶቻችን፣ እግዜር ያክብርልኝ። የነርሶች አለቃችንን፣ ሜትረናችንንም አመሰግናለሁ። ሜትረን፣ ከዛሬ ወዲያ ሊቀጡኝ ስለማይችሉ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ከኋላዎ «እማማ ደወል» ነው የምንልዎት። ትንሽ ካረፈድን ድምፅዎ እስከ ዋናው በር ድረስ ይሰማላ! ይኸው ሳቁ። ይህን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው የፈራንዎት።

ለምን እንደምሄድ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እሱ ውጭ አገር የሄደው፣ ታናሹ ልጃችን ገና አፉን ሲፈታ ነበር። ዛሬ ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቤተሰቡን ወደሱ የሚያመጣበት ፈቃድ ዘንድሮ ሲወጣ ከኔ በላይ የተደሰታችሁት እናንተ ናችሁ። ግን በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ማናችንም ያላነሳነው ጥያቄ ነበር። ሄደን የት ነው የምንኖረው?

ሰው ሲሄድ «ውጭ አገር ሄደ» ይባላል፤ በቃ። የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ትምህርት ቤት አጠገብ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ልጆች ባይኖሩኝ አልጠይቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ያለው ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በጋራ ተከራይቶ ነው የኖረው። ለኛ ብሎ ለሥራው የሚቀርብ ቤት አየ። ለትንሹ ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት እዚያው መንገድ ተሻግሮ አለ። ታላቋ ልጃችንስ? እሷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ኬሚስትሪ ካላጠናሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ልጅ ናት። የከተማው ትምህርት ቤት በሷ ዕድሜ የሚመጣን ልጅ መጀመሪያ ቋንቋ ብቻ አስተምሮ፣ ከዚያ ዕድሜሽ አልፏል ብሎ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ነው የሚልከው። በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርቃ ያለች ትንሽ ከተማ ደግሞ አለች። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ጠዋት ቋንቋ ያስተምራል፤ ከሰዓት ከእኩዮቿ ጋር ክፍል ያስገባታል። ኬሚስትሪዋን ሳትለቅ ማለት ነው።

ታዲያ ትንሿ ከተማ ግቡ ትሉኛላችሁ። የባለቤቴ ፈረቃ የሚጀምረው ከዚያ የመጀመሪያው ባቡር ሳይነሳ ነው። ትንሿ ከተማ ከገባን እሱ ሥራው አጠገብ ማደሩ የግድ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተለያይተን፣ አገር አቋርጠን ሄደን፣ መልሰን ልንለያይ።

ትንሹ ልጄ ደግሞ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። አንድ ቀን መምህሩ «አባታችሁን ሳሉ» ሲሏቸው ስልክ ስሎ መጣ። ስልኩ ውስጥ ጢም ያለው ትንሽ ፊት። መምህሩ አርመው መለሱለት፤ እኔ ግን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ልለጥፈው አልቻልኩም።

አያችሁት? አንደኛዋ የሚያስፈልጋት ትንሿ ከተማ ናት። ሌላው የሚያስፈልገው አባቱ ያለበት ነው። አንድ ቤት ሁለት ከተማ ውስጥ አይሠራም።

ያላማከርኩት ሰው የለም። ዶክተር «ለሆስፒታል የሚቀርበውን ምረጪ» አሉኝ፤ እሳቸው ሌላ ዓለም ያለ አይመስላቸውም። የበሩ ጥበቃ ፀሐይ የሚገባበት ቤት ይሁን አለኝ። ሜትረን የሴት ልጅ ትምህርት አይቋረጥም፣ ባል እንደሆነ ችሎ ይኖራል አሉኝ። አጠገቤ የምትሠራው እህቴ ደግሞ ልጅ አባቱን ካጣ በኋላ ኬሚስትሪ ምን ያደርጋል ብላ ተቆጣችኝ። ሁላችሁም ልክ ነበራችሁ። የቸገረኝም እሱ ነው።

ከዚያ ካርድ ክፍል የምትሠራው እህታችን አለች። እንድናገር ፈቅዳልኛለች። አባቷ የመንገድ ሥራ መኪና ነጂ ነበሩ። መንገዱ ወደ ሄደበት ቤተሰቡም ይሄዳል። የትምህርት ቤቶቿን ስም ራሷም አታስታውሳቸውም። መቀያየሩ ነው ወይ የከበደሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«አይደለም ሲስተር» አለችኝ። «የምናውቀው ዕቃ ሲጫን ነበር። አንድም ቀን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። እሁድ ከምሳ በኋላ ሁለቱንም አስቀምጬ ሁሉንም ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ታላቋ ያላወቀችው ነገር አልነበረም ለካ። በስልክ ስናወራ በግድግዳው ስትሰማ ከርማለች።

«ትልቁ ከተማ ይሁን» አለች።

«ትምህርትሽስ?»

«እማ፣ እኔ አባዬን ጠግቤዋለሁ። ወንድሜ ገና አልቀመሰውም።»

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁና እንዳይሰሙኝ ቧንቧውን ከፈትኩት። እዚህ ስንቷን እናት «አይዞሽ፣ በርቺ» እያልኩ አዋልጃለሁ። ለራሴ የምለው ጠፋኝ። ልጅ የሰጠሽን እንዲህ ያለ ነገር ትቀበይዋለሽ ወይስ ትመልሽላታለሽ?

ለባለቤቴ ደውዬ ያለችውን ነገርኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «የወጣሁት እኮ ለሷ ነው። እኔን ብላ ትምህርቷን ከተወች ምን ሠራሁ? ትንሿ ከተማ ግቡ።»

እዚያ ከተማ ሥራ ሲፈልግ እንደከረመ ያወቅኩት ያኔ ነው። ያገኘው መጋዘን ውስጥ ጭነት ማውረድ ነበር፤ እሱም በሚከፍሉት ቤት ኪራይ አይሸፈንም። ስለዚህ ዓርብ ማታ ይመጣል፣ እሁድ ማታ ይመለሳል። ውሳኔያችን ይህ ሆነ።

ልጆቹን አስቀምጬ ነገርኳቸው። ትንሹ ካዳመጠ በኋላ «እና አባዬ እዚያም በስልክ ነው?» አለኝ።

«አይደለም የኔ ጌታ። ቅዳሜና እሁድ አብሮን ነው።»

አሰበ፣ አሰበና «ሰኞስ?» አለኝ።

ታላቋም ተነሣችብኝ። «ካልሰማችሁኝ ለምን ጠየቃችሁኝ?» አለችና በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ቀን «ጨው አቀብይኝ» ካልሆነ በቀር ቃል አላወጣችም። የካርድ ክፍሏን እህቴን አልወቅሳትም፤ መጠየቁ ልክ ነበር። መጠየቅ ብቻውን ግን እንደማይበቃ ያስተማረችኝ ልጄ ናት።

ቤቱ ተከራይቷል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በማድ ቤቱ መስኮት የትምህርት ቤቱ አጥር ይታያል። ባለቤቴ ባዶው ክፍል መሃል ቆሞ ፎቶ ልኮልኛል፤ የልጁን አልጋ የሚያቆምበትን ግድግዳ በእጁ እያሳየ። እኔ ደግሞ እዚያ ስደርስ ሲስተር አይደለሁም። ቋንቋውን ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ ወደ ሙያዬ እስክመለስ የማንንም ልጅ አልቀበልም። እሱን ሳስብ እጄ ከአሁኑ ሥራ ይፈታል።

ሰሞኑን በኮሪደሩ ሳልፍ «ወሰናችሁ?» ትሉኛላችሁ። «ወሰንን» ብዬ አልፋለሁ። «ልክ ነው የወሰናችሁት?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። እኛ በዚህ ሙያ ሕፃኑ ሳያለቅስ «ተገላገልሽ» አንልም። እኔ ገና ድምፅ አልሰማሁም።

ባለፈው ሳምንት ዕቃ ስናሰናዳ ታላቋ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። መጽሐፎቿን እየደረደረች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ረቡዕ ረቡዕ ትምህርት ግማሽ ቀን ነው አሉ» አለችኝ። «ወንድሜን ይዤ በባቡር እሄዳለሁ። አባዬን አግኝቶ እንመለሳለን።»

ባቡር ተሳፍራ አታውቅም። ቋንቋውን አትችልም። ከጣቢያው እስከ አባቷ ድረስ ያለውን መንገድ ማን ያሳያታል? እሺም እንቢም አላልኩም። «እናያለን» አልኳት። አየችኝና፣ «አንቺ እናያለን ስትዪ እንቢ ማለትሽ ነው» አለች። ከዚያ ግን ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች፤ እኔም ያን ቀን ሌላ ዕቃ አላሰናዳሁም።

እንግዲህ ይዤው የምሄደው ይኸው ነው። ያለቀ ነገር አይደለም። ከናንተ ፊት ያለቀለት መስዬ ልቆም አልፈለግሁም፤ ከደም ጋር አብረን ስንሠራ የኖርን ሰዎች ነን፣ ምን እንደባበቃለን?

ሜትረን፣ ጤናዎ ይብዛ፤ ጡረታዎ የሳቅ ይሁን። ዶክተር፣ ከዚህ ሕንፃ ወጥተው ሰማይ የሚያዩበት ጊዜ ይስጥዎት። አዲሶቹ አዋላጆች፣ እጃችሁ ይባረክ፤ የተቀበላችሁት ሁሉ በጤና ይደግ። ካርድ ክፍሏ እህቴ፣ ልጆች ሲኖሩሽ ጠይቂያቸው፤ ሲመልሱልሽም የምትችይበትን አቅም ይስጥሽ።

ለሁላችሁም ደግሞ፣ መርጣችሁ የምትገቡበት ቤት ሁሉ፣ ሰፊም ሆነ ጠባብ፣ በሩ ሲዘጋ ማንም ውጭ የማይቀርበት ይሁን። ሰኞም፣ ማክሰኞም።