የበርሜሉ ትሎችና የአራት ሰዓቱ አውቶብስ

ፍኖተ ሰላም፣ በዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት፣ ጠዋት፤ ወይዘሮ አስካለና ልጇ ማስተዋል በጓሯቸው፣ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ።

ማስተዋል፦ እማ፣ በርሜሉን ምን አደረግሽው?

አስካለ፦ ቁርስ በላሽ?

ማስተዋል፦ ጾም አይደል እንዴ፣ የምን ቁርስ? የጠየቅኩሽ በርሜሉን ነው።

አስካለ፦ መንገደኛ ነሽ ብዬ ነዋ። አክስትሽ በአራት ሰዓቱ አውቶብስ ይዛሽ ልትሄድ መናኸሪያ ትጠብቅሻለች። ሹራብ ይዘሻል? ደብረ ብርሃን ብርዱ አይጣል ነው።

ማስተዋል፦ ለዶሮዎቹ ያረባኋቸው ትሎቼ ሞተዋል። ሁሉም ተንሳፈዋል። በርሜሉ ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸታል።

አስካለ፦ እኔ ምን አውቄ።

ማስተዋል፦ የበረኪናው ጠርሙስም ባዶ ነው።

አስካለ፦ ልብስ አጥቤበት ነው።

ማስተዋል፦ የትኛውን ልብስ?

አስካለ፦ ነጠላዬን።

ማስተዋል፦ የለበስሽው ነጠላ ላይ ያ የእሁዱ ሽሮ እስካሁን አለ። «አትንኩ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌበት ነበር እኮ። ማንበብ ችያለሁ ስትይኝ አልነበር?

አስካለ፦ አንብቤዋለሁ። አልነካሁም። ከሩቅ ነው የደፋሁበት።

ማስተዋል፦ እማ!

አስካለ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ክዳኑን ባነሳው የማንጎው ልጣጭ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል። ይህን በልተው ስልሳ ዶሮዎች በአንድ ቀን ቢያልቁስ? ዶሮዎቹ ካለቁ ልጄ ትሄድብኛለች ብዬ ነው።

ማስተዋል፦ እኔ የምሄደው መኖ ስላጣሁ ነው! አኩሪ አተሩም የዓሣ ዱቄቱም ከአቅማችን በላይ ሆነ። የዶሮ እርባታ ሥልጠናው ላይ ትሉ እነሱን ይተካል ብለውናል። ለአክስቴም «ትሉ እስከ ዛሬ ከደረሰ እቀራለሁ፣ ካልደረሰ ደብረ ብርሃን ምግብ ቤትሽ ገብቼ እሠራለሁ» ብያታለሁ። ደርሶልኝ ነበር እኮ፣ እማ! ዛሬ ላበላቸው ነበር!

አስካለ፦ ይህን ከአክስትሽ ጋር ያደረግሽውን ውል ለእኔ ማን ነገረኝ?

ማስተዋል፦ ብነግርሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው።

አስካለ፦ ሳትነግሪኝስ መቼ አረፍኩ?

ማስተዋል፦ እውነቱን ልንገርሽ? እንድሄድ ፈልገሽ መስሎኝ ነበር። ሻንጣዬን ያሰርሽው አንቺ ነሽ።

አስካለ፦ ያሰርኩትንማ አየሽ። ሦስት ጊዜ የፈታሁትን አላየሽም።

ማስተዋል፦ ታዲያ በረኪናውን ስትደፊ ለምን አልነገርሽኝም?

አስካለ፦ ትናንት ለአባ መልካሙ ነግሬያቸዋለሁ።

ማስተዋል፦ ለንስሐ አባትሽ? ምን ብለሽ?

አስካለ፦ በጾም ነፍስ አጠፋሁ ብዬ ነዋ። ደንግጠው መስቀሉ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። ትል መሆኑን ስነግራቸው መስቀሉን መልሰው ጨበጡ።

ማስተዋል፦ ከዚያስ?

አስካለ፦ «ለምን ገደልሽው?» አሉኝ። ዶሮ እንዳይበላው አልኳቸው። «እናትሽ ዶሮ ስትለቅ እበቱን እየጫረ የሚለቅመው ምን ነበር፣ ዳቦ?» አሉኝ።

ማስተዋል፦ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ላስረዳሽ ያልቻልኩትን!

አስካለ፦ አንቺ «ፕሮቲን ፕሮቲን» ትያለሽ። እሳቸው እበት አሉኝ፣ ገባኝ።

ማስተዋል፦ ንስሐውስ? ስግደት አዘዙሽ?

አስካለ፦ ስግደት በሆነልኝ! «ሄደሽ ለልጅሽ በአፍሽ ንገሪያት» አሉኝ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ አፌ አልከፈት ብሎኝ ቁርስ በላሽ እላለሁ።

ማስተዋል፦ አሁን መናገርሽ ምን ያደርግልኛል? ዘር እንኳ አልቀረልኝም።

አስካለ፦ ጥቁሮቹን ግን ምን ላድርጋቸው?

ማስተዋል፦ የትኞቹን ጥቁሮች?

አስካለ፦ በረኪናውን ከመድፋቴ በፊት በበርሜሉ ጎን ወጥተው የሄዱትን። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አጥሩ ሥር ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ሸሽቶ ለዳነ ደግሞ እንዴት ልጨክን? በመጥረጊያ ሰብስቤ ጣሳ ውስጥ ከሰጋቱራ ጋር አደረግኳቸው። ያውልሽ፣ ከማገዶው ኋላ።

ማስተዋል፦ አምጪው! አምጪው እስቲ! ... እማ፣ ሞልቷል እኮ!

አስካለ፦ ክፉ ነገር ነው?

ማስተዋል፦ እነዚህ መብላት ጨርሰው ደረቅ ቦታ ፍለጋ የወጡት ናቸው። ዝንብ ሊሆኑ ነው!

አስካለ፦ ዝንብ! ጎረቤታችን ጥሩዬ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ይህን ከሰማች ሠፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። አሁንስ «የአስካለ ልጅ ትል ታረባለች» እያለች አይደል?

ማስተዋል፦ ይቺ የቤት ዝንብ አይደለችም። ካደገች እህል አትቀምስም፣ ሰው ማዕድ ላይም አታርፍም። እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች።

አስካለ፦ ጾመኛ ናት በይኛ!

ማስተዋል፦ ከእንቁላሉ ደግሞ ሌላ ትል ይፈለፈላል። ግን እስኪደርስ አምስት ሳምንት ነው። እስከዚያ ዶሮዎቹን ምን አበላቸዋለሁ?

አስካለ፦ ፉርሽካና የጎመን ቅጠል ነዋ።

ማስተዋል፦ እንቁላል ይቀንሳሉ።

አስካለ፦ ይቀንሱ! በጾም እንቁላል የሚጠይቅሽ ማን ነው? ሰው እንቁላል ፍለጋ በር የሚያንኳኳው ለፋሲካ ነው። ፋሲካ ደግሞ ከዛሬ አምስት ሳምንት።

ማስተዋል፦ ሥልጠናው ላይ ይህን አልነገሩንም።

አስካለ፦ የጾም ቀን መቁጠር ለእኔ ተዪው።

ማስተዋል፦ ግን ይሄ ጣሳ ቢበላሽስ? ዝንቦቹ ባይወጡስ?

አስካለ፦ ያን ጊዜ ሻንጣሽን አስራለሁ፣ አልፈታውም። አሁን ግን ፊትሽን እያየሁ ነው።

ማስተዋል፦ ፊቴ ምን ሆነ?

አስካለ፦ የሚሄድ ሰው ጣሳ አያቅፍም።

ማስተዋል፦ አንቺ ሴትዮ! ... እሺ፣ ግን ከዛሬ ጀምሮ በረኪናውን የምይዘው እኔ ነኝ።

አስካለ፦ ያዢው፣ ባዶ ነው። በርሜሉንም ደህና አድርገሽ እጠቢው፣ ሽታው ይልቀቅ።

ማስተዋል፦ ስልኬ እየጮኸ ነው። አክስቴ ትሆናለች። እጄ እርጥብ ነው፣ አንሺልኝ።

አስካለ፦ ምን ልበላት?

ማስተዋል፦ ያየሽውን።

አስካለ፦ ሃሎ፣ ይትናየት። አዎ፣ ሻንጣው ታስሯል። አይ፣ እየመጣች አይደለም፣ በርሜል እያጠበች ነው። ምን? ሾፌሩ ሞተር አስነሳ? እንግዲያው በሰላም ግቢ እህቴ፤ አንቺ ሂጂ፣ ማስተዋል ቀርታለች።