የአቶ ሻርማርኬ ወፍጮ ቤትና አዲሱ ፕላን

በ2003 ዓ.ም. ክረምት አቶ ሻርማርኬ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ባቢሌ ላይ ጎማው ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ ከአንዲት ወጣት ጋር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፅዮን ትባላለች፤ የጅግጅጋ ማዘጋጃ ቤት የፕላን ባለሙያ ናት። ሥራዋን ስትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

“የወፍጮ ቤቴን አጥር ቀይ የቀባችሁት እናንተ ናችኋ” አሏት።

“የሚሰፋው መንገድ የሚደርስበትን ጠርዝ ለማሳየት ነው፣ አባባ። ሰፈሩ በአዲሱ ፕላን ከመኖሪያ ወደ ንግድ ተቀይሯል።”

“አንድ ደላላ ግን መንግሥት ሊወስደው ነው፣ ቶሎ ለእኔ ይሽጡልኝ ብሎኛል። ጎረቤቴ ዐርዶ ፈርታ ሸጠች፤ አሁን የልጇ ቤት ተጠግታ ነው የምትኖረው። እኔም ነገ ልፈርም ነው።”

“ሊወሰድ ከሆነ እሱ ለምን ይገዛዋል?”

አቶ ሻርማርኬ ደላላውን መጠርጠር ጀመሩ፤ እሷንም መጠርጠራቸውን ግን አልተዉም።

ፅዮን ቀጠለች፦ “የፕላን ለውጥ ባለቤትነትዎን አይነካም። ወፍጮዎም ሥራውን ይቀጥላል። ወደፊት አፍርሰው ልሥራ ካሉ ግን ፕላኑ የሚያዘውን ፎቅ መሥራት ይኖርብዎታል፤ ይህን አልደብቅዎትም። መንገዱ ለሚነካው ካሳ ይገባዎታል፤ ቅር ካለዎትም አቤት ይላሉ።”

“ለካሳ ሰው ሲጉላላ አይቻለሁ።”

“ይደርሳል። ሸጠው ከወጡ ግን የሚጠይቁበት መብት አይኖርዎትም።”

“ደሞዝሽን የሚከፍልሽ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እንዴት ልመንሽ?”

“አይመኑኝ። ረቡዕ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ የማዘጋጃ ቤቱን ኃላፊ ይጠይቁ፣ መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። እስከዚያ ብቻ አይፈርሙ።”

እምነት ስላልጠየቀቻቸው ይመስላል፣ ልባቸው ትንሽ ረጋ።

ረቡዕ ተነሥተው ጠየቁ። ኃላፊው የመለሰው ፅዮን ካለችው አልተለየም፤ መንገዱ የሚነካው አጥሩንና የፍየሎቻቸውን በረት ብቻ ነበር። ደላላው ስብሰባው ሳያልቅ ሹልክ ብሎ ወጣ። ዐርዶ በር ላይ ጠብቃቸው፣ “ይህን ያኔ የሚጠይቅልኝ ባገኝ ኖሮ” አለቻቸው።

ካሳው ብዙ አመላልሷቸው ተከፈለ። በንግድ ፈቃድ ከወፍጮው ጎን ሱቆች ሠርተው አከራዩ፤ ቦታውም በስማቸው ጸና። ዛሬ በአውበሬ ከተማም ሆነ በጅግጅጋ የፕላን ለውጥ ወሬ ሲሰሙ ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስበው፣ “ጠርጥሩ፤ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሄዳችሁ በአደባባይ ጠይቁ” ይላሉ።