ከላይኛው ፎቶ ሥር

«የአባቴ አርባ ነገ ነው፤ አብረን ያለንበትን ፎቶ ፈልግልኝ!» አለችኝ፣ ልደታ ሰፈር ወዳለችው ፎቶ ቤቴ እየተጣደፈች የገባች ደንበኛዬ። ሠርጓን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቁጭ በይ ብላት እምቢ ብላ ከኋላዬ ትንቆራጠጣለች። «አልበሙ ላይ ያለው አይሆንም፤ ጉልበቱን ስስም ፊቱን በኩታ ሸፍኖ ያለቅሳል።» ኮምፒውተሬም ያንኑ አሳየኝ። «ሌላ የለም» ልላት ስል ባነንኩ፤ ለካ ተመሳሳይ ፎቶዎቹን አንድ ላይ ደራርቤያቸው ኖሮ፣ የኮምፒውተሩ ማጣሪያ ከየክምሩ የላይኛውን ብቻ ነው የሚያሳየኝ! መብራት ሳይሄድብኝ ብዬ ማጣሪያውን አጠፋሁት። ከሥር የተደበቁት ተዘረገፉ። በአንዱ ላይ አባቷ ኩታቸውን ገልጠው፣ ቁልቁል እያዩዋት ፍልቅልቅ ብለው ይስቃሉ።

መንቆራጠጧን አቆመች። «እኔ እኮ አላየሁትም» አለች፤ «አቀርቅሬ ጉልበቱ ላይ ነበርኩ።»