የእናቴ የጡት ልጅ

በእኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ሐይቅ ውሃ ልትቀዳ የምትወርድ ሴት ብቻዋን አትወርድም ነበር። ደርግ ነው፣ ወታደሩ ከከተማው በላይ ሰፍሯል፣ እና እኛ ከምንቀዳበት ዳር ልብሱን አውልቆ ይታጠባል። እኛ ፊታችንን አዙረን እስኪጨርስ እንጠብቃለን። ዶሮ የሚወስድ አለ፣ አጥር ነቅሎ የሚማግድ አለ፣ ማን ምን ይለዋል? ክላሽ ይዟል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ልጅ ለትዳር ሲጠይቅ ነው። እምቢ ቢሉት ያስፈራል፣ እሺ ቢሉት ነገ ጦሩ ይነሳና ልጅቷ እርጉዝ ሆና ትቀራለች። እንዲያ የሆነች ስንቷን አውቃለሁ።

ታዲያ እኔንም አንዱ አየኝ። አስር አለቃ ኢብራሂም ይሉታል፣ የጎጃም እስላም ነው፣ ቁመናው... አይ ቁመና! አትሳቁ እንጂ። ውሃው ዳር ጓደኞቹን «ተነሱ፣ ሴቶቹ ይቅዱ» ብሎ አስነሳልንና እንስራዬን አንስቶ ጀርባዬ ላይ አደረገልኝ። እና ከዚያ ወዲያ ደጃችን ተመላለሰ። አባቴ ሞቷል፣ ወንድም የለኝ፣ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሱ ሲመጣ ጓዳ ትከተኛለች። እኔ ደግሞ በግድግዳው ስንጥቅ አየዋለሁ፣ ወላሂ ልቤ ድው ድው ይላል።

አንድ ቀን ታዲያ ክላሹን ምሰሶው ላይ አስደግፎ፣ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ሽማግሌ እንዳልልክ እዚህ ዘመድ የለኝም፣ ራሴው መጣሁ። ዘሀራን ይስጡኝ» አለ።

እናቴ በሃይማኖት እንዳትመልሰው እሱም እስላም ነው። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ እምቢ እንዳትለውም ፈራሁ፣ እሺ እንዳትለውም ፈራሁ።

እና ምን ብትለው ጥሩ ነው? «እናት አለህ?»

«የለችኝም። ገና ልጅ ሆኜ ነው የሞተችብኝ።»

«ኧረ የኔ አለም! ታዲያ እናት ሳትኖርህ እንዴት ሚስት ትጠይቃለህ? እኔም አላህ ወንድ ልጅ አልሰጠኝም። በል የጡት ልጄ ሁን።»

ልጁ አይኑ እንባ ሞላ። እናቴ ጎረቤት ጠርታ አስመሰከረች፣ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ሰጠችው፣ እና ያ ወታደር ተንበርክኮ እንደ ህፃን ጠባ። «ልጄ ነህ» አለችው። «እናቴ ነሽ» አላት። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ፣ ድምጿን ማር አስመስላ፣ «ዘሀራ፣ ነይ ውጪ፣ ወንድምሽን ሰላም በይው» አትለኝም?

ያን ጊዜ ነው የገባው። የጡት ልጅ ሆኖ የቤቱን ልጅ ማግባት እነሱም አገር ነውር ነው። ከንፈሩ ላይ ማሩ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። ክላሹን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ እቴ፣ ተነስቶ እጄን ጨብጦ «እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ» አለኝ። ድምፁ ግን ተሰበረ፣ እኔም ወደ ጓዳ ተመልሼ አለቀስኩ።

ከዚያማ ወታደር የሚባል ሰፈራችንን አላስቸገረም። አጥር የሚነካ ካየ «የእናቴ ሰፈር ነው!» ብሎ ይጮህበታል፣ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ተረፈ። ሲፈቀድለት ይመጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እኔ የአምባሰል ዜማ አስተምረዋለሁ፣ እሱ በጎጃምኛ ያበላሸዋል፣ እናቴ ከመሃላችን ተቀምጣ ትፈትላለች። እንዴት ያለ ደግ ጊዜ ነበር ያ! ጦርነቱ ባይኖርበት።

ኋላ ጦሩ ወደ ሰሜን ታዘዘ። በውጫሌ መንገድ መኪናው ላይ ሆኖ «እናቴን አደራ» እያለኝ ሄደ፣ እና ወሬውንም አልሰማንም። እናቴ ያቺ ዘዴዋ እሷኑ ያዘቻት፤ እስክትሞት ድረስ ዱዓዋ «ያ ረቢ፣ ልጄን መልስልኝ» ነበር።

እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ሸህ እንግዳ ሆነው መጡና ይህንኑ አጫወትኳቸው። ሸሁ ጺማቸውን ይዘው፣ «አይ ዘሀራ! በሸሪዓ እኮ የጡት ወንድም የሚሆነው በህፃንነቱ ወተት የጠባ ነው። ጎረምሳ ማር ስለላሰ ወንድም አይሆንም፤ ልታገቢው ትችዪ ነበር» አይሉኝም?

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጧል፣ እኔ ግን አፌን መያዝ አቃተኝ።

«ታዲያ ሸህ፣» አልኳቸው፣ «ያኔ የት ነበሩ?»