ራስ መነቅነቅ መስማት አይደለም

ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ከተማ ነጋዴ ጎሳዬ በሬዲዮኑ ይኮራ ነበር። በገበያ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከፍተውና በረንዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ሲያይ፣ አገር ያስተማረ ይመስለው ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ሰሞን፣ ጅማ ኮሌጅ የገባችውን የጎረቤቱን ልጅ ዙቤይዳን አውቶቡስ ደጃፉ ላይ አወረዳት። ሬዲዮኑም ሳምንቱን ሙሉ ሲደጋግም የሰነበተውን ማስታወቂያ በአማርኛ ያሰማል፤ የታመመ የቡና ፍሬ ተለቅሞ ይቀበር፣ ከዛፉ ሥር አይጣል ይላል።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! ለመሆኑ ኮሌጁ ምን አስተማረሽ?»

«ማጥናት፣ ጋሽ ጎሳዬ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር ታዲያ?»

«ስሸመድድ! አሁን ግን መምህራችን ደብተር አዘግተው፣ የገባችሁን በራሳችሁ ቃል ንገሩኝ ይላሉ። መናገር ያልቻለ አልገባውም ማለት ነው።»

«እንግዲያስ ደንበኞቼ ይበልጡሻል፤ አንዴ ሰምተው ይገባቸዋል» አለ እየሳቀ።

ዙቤይዳ ጥግ ይዘው ወደተቀመጡት አዛውንት ወደ አባቦራ ዞረች። በበሽታ የጠቆረውን የቡናቸውን ፍሬ ምን እንዳደረጉት በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው።

«ማዳበሪያ ይሆናል ብዬ እያራገፍኩ እዚያው ሥሩ ላይ ተውኩት» አሉ በዚያው ቋንቋ፣ በኩራት።

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ሰሙ፣ ጋሽ ጎሳዬ? አባቦራ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቡናቸው እያለቀ ነው!»

«እኔ ምን ላድርግ? አገር አንድ ነው። ሬዲዮው በየቋንቋው ከተናገረማ የባቢሎን ግንብ ሆነ!»

«የባቢሎን ሰዎች እኮ የተበተኑት መግባባት አቅቷቸው ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ በረንዳስ ምኑ ይለያል? በዘመቻው ፊደሉን እንኳ በኦሮምኛ እያስቆጠርናቸው፣ ኑሯቸውን የሚነካውን ነገር በማያውቁት ቋንቋ ማሰማት ምን የሚሉት ነው? እርስዎስ ቡናቸውን ሲገዙ በምን ቋንቋ ነው የሚከራከሩት?»

«በ… ኦሮምኛ።»

«ለመግዛት ያወቁትን ቋንቋ ለማዳን ሲሆን ምነው ረሱት?»

ጎሳዬ ተናደደ። እውነት በልጅ አፍ ስትመጣ ይበልጥ ታሳምማለች።

«ማል ጀዴ?» አሉ አባቦራ፤ ሬዲዮኑ ምን እንዳለ መጠየቃቸው ነበር።

ጎሳዬ ሬዲዮኑን ዘግቶ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሁሉንም በቋንቋቸው ነገራቸው። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «አንተ ይህን ታውቀው ነበር?» አሉ።

ጎሳዬ አንገቱን ደፋ። በዚያው ቀን ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ሄደ፤ የታመመውን ፍሬ ሲለቅሙና ሲቀብሩ ዋሉ። ከአባቦራ ቡና ግማሹ ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ዜናው ሲያበቃ ጎሳዬ በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ደግሞም «እስቲ እናንተ ንገሩኝ» ይላል። በረንዳው ላይ የሚነቀንቅ ጠፋ፤ ጠያቂው በዛ፤ የቀረውም የመንደሩ ሰው ቡና ዳነ። አባቦራ ግን ያን «ታውቀው ነበር?» ያሉትን ጥያቄያቸውን አልደገሙትም። ጎሳዬ እስካሁን መልስ ይፈልግለታል።