በበራሶ መኪና ላይ የቋጠርኩት ቃጫ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የመኪና ሕመም በጆሮ ነበር የሚታወቀው፤ ዛሬ ኮምፒውተር ይሰኩበታል። ታዲያ እኔ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ጋራዡን ትቻለሁ፣ ግን የበራሶን መኪና እንዴት እምቢ ልበል? በራሶ ጓደኛዬ ነበር፣ ካረፈ ሁለት ዓመቱ። እና ልጁ ትዕግሥት ልታገባ ሆነ፣ ምን ትላለች፣ «ከአባቴ መኪና ሌላ አልሳፈርም።» መኪናው ደግሞ ቆሞ ነው የከረመው። እናቷ ወርቅነሽ መጥታ ለመነችኝ።

ጪጩ እነሱ ቤት ሄድኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ተሰንጥቋል። እሳቱን ለአራቱ ካንዴላ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፣ እሱ ከሌለ መኪና አይነሣም። ታዲያ ክዳኑን ለናሙና ሐዋሳ ልልከው ገመዶቹን ሁሉ ነቀልኩ። ዓይኔ አያይም ብያችኋለሁ፣ እና ከወርቅነሽ እንሰት የተፋቀ ቃጫ ወስጄ ቋጠርኩባቸው፤ አንደኛው ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እንዲህ እስከ አራት። በጣቴ ዳብሼ በየቦታቸው እንድመልሳቸው ነው።

አዲሱ ክዳን የደረሰው በሠርጉ ዕለት ጠዋት ነው። ሄጄ ገመዶቹን ብዳብስ፣ ብዳብስ፣ ቋጠሮ የለም። ለካ ወርቅነሽ ሞተሩን በቤንዚን አጥባዋለች።

«ጋሼ፣ ቆሻሻ ቃጫ ተጠምጥሞበት ነበር፣ ለሙሽራ መኪና አይሆንም ብዬ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት» አለችኝ።

ደስ ብሏት እኮ ነው የምትነግረኝ፣ ትሰሙኛላችሁ? አፌ ላይ የመጣውን ቁጣ ዋጥኩት። ያን መኪና ሲያጥብ የኖረው በራሶ ነበር፣ እሷ የሱን ሥራ ሠራች። አሳዘነችኝ።

በግምት ሰካሁ፣ መኪናው ጧ አለና ዝም። ሙሽራዋ በነጭ ልብሷ በሩ ላይ ቆማለች። ባዶዎቹን ገመዶች ደጋግሜ ስዳብስ አይታ፣ ቃጫው ምልክቴ እንደነበር ያኔ ወርቅነሽ ገባት።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«ነይ፣ አብረን እናስተካክለዋለን» አልኳትና ሞተር ማዞሪያውን ብረት አስያዝኳት። የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈትቼ ቀዳዳውን በጣቴ ደፈንኩ። እሷ በቀስታ ታዞራለች፣ እኔ እጠብቃለሁ፣ እና የሞተሩ ትንፋሽ ጣቴን ገፋ ሲያደርገው «በቃ» አልኳት። ከክዳኑ ሥር የሚዞረው ብረት ያን ጊዜ የዞረበት ነው የአንደኛው ገመድ ቦታ፤ የሌሎቹን ተራ እጄ ያውቀዋል። ካንዴላውን መለስኩ፣ ገመዶቹን ሰካሁ፣ ቁልፉን አዞርን፣ ተነሣ። ወርቅነሽ ኮፈኑን ይዛ አለቀሰች፣ እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ታዲያ ሚዜው እየነዳ፣ እኔ ከጎኑ ሞተሩን እያዳመጥኩ፣ ሙሽራዋን ዲላ ቤተ ክርስቲያን አደረስናት።

በሳምንቱ ወርቅነሽ ቤቴ መጣች። ከሠርጉ መኪና ጌጥ ነጭ ሪባን ቆርጣ፣ አንዱ ላይ አንድ፣ አንዱ ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቋጥራ ይዛለች።

«ይሄን ገመዶቹ ላይ ያድርጉ፣ ጋሼ። ይሄን ማንም ቆሻሻ ብሎ አይጥለውም» አለችኝ።

ሂዱና ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩት፣ መኪናው እስከ ዛሬ ሙሽራ ነው፣ ሃ ሃ ሃ።